ቅቤ የነካው መተንፈሻ

ጡረታ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚሰናበተው ከሰው ሳይሆን ከዕቃ ነው። ፍኖተ ሰላም ካለው የውሃ ሥራ ጽሕፈት ቤታችን ስወጣ ከሃያ ዓመት በላይ በስሜ ተመዝግቦ የኖረውን ንብረት አንድ በአንድ አስረከብኩ፤ መፍቻዎቹን፣ የቧንቧ መቁረጫውን፣ ፓምፕ የምናወጣበትን ሰንሰለት፣ አንድ እግሩ የተሰበረውን ወንበር ሳይቀር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ትዕግሥት ናት። እንደ ልጄ የማያት፣ ለሰው የምታዝን ሴት ናት፤ ቅጽ ከያዘች ግን አባቷንም አታውቅም።

የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ስንደርስ አቧራ የዋጠው የእንጨት ሳጥን ጎትታ አወጣችና ከፈተችው። ጥቁር ቱቦ፣ በጥርስ የሚነከስ ጎማ፣ ቡጢ የሚያህል ብረት ወጣ።

«ጋሼ አበጀ፣ መዝገቡ ‹የውሃ ውስጥ መተንፈሻ፣ ብዛት አንድ› ይላል። ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«አገልግሎት የማይሰጥ» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አነሣች። «የብልሽቱ ምክንያትስ?»

ቱቦውን አንሥቼ አቧራውን ጠረግሁ።

«በእርጅና ልበለው?»

እርጅና ብዬ ብፈርም ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዕቃውም አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ይቺ መስመር እስከ ሰኞ ትቆየኝ» አልኳት።

«ሌላው ክሊራንሱን ለመጨረስ ይሯሯጣል፤ እርስዎ ለአንድ አሮጌ ጎማ ሰኞን ይቀጥራሉ» ብላ ሳቀችብኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያች ባዶ መስመር ምክንያት ነው።

የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ፈታም ወንዝ አጠገብ ነው። በእኛ አገር ውሃ ከብት ያጠጡበታል፣ ልብስ ያጥቡበታል፣ ጠበል ከሆነም ይጠመቁበታል። ውስጡ ገብቶ መቆየት ግን የጤነኛ ሥራ አይደለም። ቀትር ላይ ጥልቅ ውሃ ዳር የተገኘ ልጅ ሰይጣኑ ሳይይዘው አባቱ በአለንጋ ይይዘዋል። እኔን ዕጣዬ በደርግ ዘመን ባሕር ኃይል ከተተኝና ምጽዋ ወረድኩ። ዋና እንኳ የማላውቅ ሰው የጠላቂዎች ዕቃ ጥገና ክፍል ተመደብኩ። ለምን ብዬ ብጠይቅ መዳቢው «ሞፈርና ቀንበር ያዋደደ እጅ ይሄ አያቅተውም» አለኝ።

የክፍሉ ኃላፊ የምጽዋው ተወላጅ አቦይ ተስፋይ ነበሩ። አቦይ በእሳቸው ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ እውነትም አባቴ ሆኑ። ቀጭን፣ ነገራቸው አጭር፣ ሙቀቱ ሰውን በሚያቀልጥበት አገር ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን መተንፈሻውን ፈታተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር በኃይል ታምቆ የገባ ነው፤ እንዳለ ቢለቀቅ ሳንባ ይቀድዳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚታሰረው ብረት አስቀድሞ ጉልበቱን ያበርደዋል። አየሩ ከዚያ በቱቦ ይመጣና በጥርስ የሚነከሰው ክፍል ዘንድ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ጎማ አለ። ጠላቂው አየር ሲስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይሰረጉድና አንዲት የብረት ምላስ ይጫናል፤ አየሩም ይመጣል። መሳቡን ሲያቆም እሱም ያቆማል። ተተንፍሶ የሚወጣው አየር ደግሞ በሌላ ስስ የጎማ ክዳን በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ክዳኑ አየር ያስወጣል እንጂ ውሃ አያስገባም።

«ይሄ ዕቃ አይገፋብህም፤ ስትጠይቀው ብቻ ይሰጥሃል» አሉኝ። «የሰውየው ነፍስ የተንጠለጠለችው በነዚህ በሁለቱ ጎማዎች ነው። የቀረው ብረት ነው። ብረት ሲበላሽ ይጮሃል፣ ይዝጋል፣ ያስታውቃል። ጎማ ግን ዝም ብሎ ነው የሚከዳህ።»

የአቦይ ተስፋይን ልማድ ብጽፍ አንድ ደብተር ይሞላል። ከምሳ በኋላ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ሳይታጠቡ መተንፈሻ አይነኩም፤ «ቅባት የጎማ ጠላት ነው» ይላሉ። መጠጫ ውሃ በጀሪካን በሚታደልበት ቦታ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው የዕቃውን ጨው ያጥባሉ። ከሁሉ ከሁሉ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ እሳቸው ያልተነፈሱበትን ማንም አይተነፍስበትም። መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና አፍንጫቸውን በጣታቸው ይይዛሉ። ዓይናቸውን የአየር መለኪያው ላይ ተክለው ሃያ ጊዜ ይተነፍሳሉ። ጠላቂዎቹ «አቦይ አየራችንን ጨረሱብን» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ከሃያው ትንፋሽ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ሁለቱን ጎማዎች በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጡ ያያሉ፣ ጫፋቸውን በጥፍራቸው ጎበጥ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ሰንፌ «ትናንት አይተውታል እኮ፤ ደኅና ነበር» አልኳቸው።

«ትናንት ደኅና ነበር ማለት ትናንት ደኅና ነበር ማለት ነው» አሉና ክዳኑን ከፈቱት።

ምጽዋ ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ተበታተንን። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መካከላችን ድንበር ገባ።

ደርግ ሲወድቅ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ሆኜ ቡሬ ገባሁ። የተሸነፈ ጦር ወታደር አገሩ ሲገባ ሰው እንደ እንግዳም እንደ ዘመድም አያየውም። ሽንዲ ወርጄ የወፍጮ ሞተር ስጠግን ቆየሁና ፍኖተ ሰላም ላይ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ሲፈለግ ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ብዙ ነበር። ስለ ባሕር አላወራም፤ ያወራሁ ቀን ሰው ቀዳዳ፣ ውሸታም ሲለኝ ይሰማኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ የመጠጥ ውሃ ሥራ ማርቲን የሚባል ፈረንጅ መሐንዲስ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ሳጥን መኪናው ላይ ይጭንና ጣና ይሄዳል። አብሮት የሄደው ሾፌራችን በላይነህ ሲመለስ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነገረኝ።

«ውሃ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ እኮ! አንድ ሰዓት ሙሉ!»

«ምን ጠፍቶበት?»

«ምንም አልጠፋበትም። ለመዝናናት ነው አለኝ።»

«ለመዝናናት?»

«እኔስ መች ገባኝ። የሚዝናናበት አጥቶ ነው እንጂ ባለ ጤና ይሄን ያደርጋል? አገሩ ጠላ ቤት የለም መሰለኝ።»

ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ መተንፈሻ አየሁ። ከምጽዋው ያማረ፣ የቀለለ ነው፤ ለጦር ሳይሆን ለደስታ የተሠራ። እጄን በሳሙና ታጥቤ አነሣሁት፣ አፍንጫዬን ይዤ ሃያ ጊዜ ተነፈስኩበት፣ ክዳኑን ከፍቼ ጎማዎቹን አየሁ። ማርቲን ቆሞ ሲያየኝ ቆየና የሳጥኑን ቁልፍ ሰጠኝ። መጥለቅን ያስተማረኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ለሌላው ትንፋሽ ሳበጅ የኖርኩ ሰው የራሴን ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ስሰማ እንደ ሕፃን ሆንኩ። ዓለም ጸጥ ይላል፤ የሚሰማው ስትስብ የሚያፏጭ፣ ስታወጣ የሚንዶቀዶቅ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ መዝናናቱ ገባኝ።

ሥራው አልቆ ሲሄድ መተንፈሻውን፣ ሁለት ሲሊንደርና አንዲት አነስተኛ የአየር መሙያ ኮምፕሬሰር ለጽሕፈት ቤቱ ትቶ ሄደ። መጀመሪያ የወንዝ ፓምፖችን መምጠጫ ከሥር ለማጽዳት ተጠቀምኩበት። ቀድሞ ወንዝ በመገደብ ሁለት ቀን የሚፈጀው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ጀመር። ከዚያ አንድ የቡሬ ነጋዴ ፈታም ውስጥ ሰጠመና ዘመዶቹ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ። አወጣሁት። ወንድሙ «አፈር አለበስክልን» ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ፍትሐት ተደርጎለት ከአባቶቹ ጎን ይቀበራል። ወንዝ የያዘው ሰው ግን ለቤተሰቡ ያልተዘጋ በር ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሰው አወጣሁ። ስሜም ከአበጀ ወደ «ጠላቂው» ተለወጠ፤ ገበያ ውስጥ ሴቶች ለልጆቻቸው «ያውላችሁ፣ እሱ ነው» ይሉብኛል። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ማርቲን የተወልኝ ትርፍ ጎማ አለቀ። የበጋው ድርቀት የቀሩትን ጎማዎች አከረራቸው፤ ሳጎብጣቸው ጫፋቸው መሰነጣጠቅ ጀመረ። ባሕር ዳር ጠየቅኩ፣ አዲስ አበባ አስጠየቅኩ፣ የለም። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «በጀት ሲፈቀድ» የሚል መልስ መጣ።

የአባቴ ልጅ ነኝ። አባቴ የሞፈሩ ጠፍር ሲደርቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቅቤ ይቀባዋል። በማግሥቱ ጠፍሩ እንደ አዲስ ይለመልማል። ቆዳ ነውና ይለመልማል። እኔ ደግሞ አንድ የነሐሴ ቀን ከባለቤቴ ቅል ላይ ቅቤ በጣቴ ቆንጥሬ ሁለቱን ጎማዎች ቀባኋቸው። አቦይ ተስፋይ ጆሮዬ ላይ አልጮኹም አልልም፤ ጮኸዋል። «እሳቸው አዲስ ጎማ መጋዘን ሙሉ ነበራቸው» ብዬ በልቤ መለስኩላቸው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የሚያስቀው፣ የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው፤ የጨነቀኝ የጎማው ነገር ሳይሆን የጾሙ ነገር ነበር። ምናልባት በጾም ቀን ተጠርቼ ይህን ዕቃ አፌ ውስጥ ብከተው ቅቤ እልሳለሁ ብዬ የሚነከሰውን ጎማ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የውስጦቹን ተውኳቸው። በማግሥቱ ሳያቸው እንደ ጆሮ ለስልሰዋል። ደስ አለኝ። ሳጥኑን ዘጋሁ።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ብር ወንዝ ላይ አስማረ የሚባል ጎልማሳ ከገበያ ሲመለስ መሻገሪያው ላይ እግሩ ከድቶት ጥልቁ ውስጥ ገብቷል። የእናቱ አንድ ልጅ ነው።

በላይነህ መኪናውን አበረረው። ስንደርስ ወንዙ ዳር ሰው ሞልቷል፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። እናቱ እትየ ጠጅቱ ግን አታለቅስም። ከጥልቁ አፋፍ ድንጋይ ላይ ቆማ ውሃውን ታያለች። አጠገቧ ስደርስ ዓይኗን ሳትነቅል «እዚህ ነው የገባ። አልተነቃነቅሁም፤ ቦታው እንዳይጠፋብኽ ብዬ» አለችኝ።

ሃያውን ትንፋሽ አልተነፈስኩም። ክዳኑን አልከፈትኩም። ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግሁት፤ አየር ሰጠኝ፤ በቃኝ። ሰው እያየኝ ነበር፣ እናት ቆማ ነበር፤ መስኮት ፈልጎ ጎማ ማገላበጥ የዚያን ሰዓት ነውር መሰለኝ። ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ ጫፉን ለበላይነህ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ከጎተትኩ ሳብ ማለት ነው።

የብር ውሃ በመስከረም ጭቃ ነው፤ የራስህን እጅ አታይም። በዳሰሳ ወረድኩ። ከሥር የወደቀ የሾላ ግንድ አለ፤ ሥሩን ይዤ ዞርኩ። ስዞር ቀኝ እጄ ጨርቅ ነካ። ኩታ ነው። ጣቴን ሳንሸራትት የጥለቱ ጉብ ጉብ ተሰማኝ፣ ከጥለቱም ሥር ትከሻ።

ያዝኩት። ከሥሩ ላላቅቀው ትንፋሽ ስቤ ጉልበቴን ሰበሰብኩ፤ የሳብኩት ግን ውሃ ነበር። መጀመሪያ ጉንጭ ሙሉ። ተፋሁት፤ እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና ውሃ። ውሃውን ከመተንፈሻው በአየር ገፍቶ የሚያስወጣውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ጎማው ከቦታው ወልቆ ኖሮ የባሰ ውሃ ገባ። ደረቴ ተቃጠለ። ያኔ አንድ እጄ ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተተ፣ ሌላው እጄ ትከሻውን ለቀቀ። ለቀቀ የምለው እጄን ነው። የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ።

ዳር አውጥተው ገለበጡኝ፤ ውሃና ደም ተፋሁ። ስነቃ በላይነህ መተንፈሻውን ይዞ ቆሟል። ክዳኑን ከፈትኩ። የአየር ማስወጫው ጎማ አብጦ፣ ጫፉ ተጨማዶ እንደ እንጉዳይ ተገልብጧል፤ ሌላው ከመቀመጫው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው የሚያብረቀርቀው?» አለኝ በላይነህ።

«ውሃ ነው» አልኩት።

የመጀመሪያው ውሸቴ እሱ ነው። ሁለተኛውን ዳር ቆመው ይጠብቁ ለነበሩት ቄስ፣ ሦስተኛውን ለእናቱ ነገርኩ፦ «ውሃው ከበደኝ። አላገኘሁትም።» አግኝቼ ለቀቅኩት ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ትንፋሼን ይዤ ሁለት ጊዜ ገባሁ፤ ግንዱ ዘንድ እንኳ አልደረስኩም። በመንጠቆ እስኪመሽ ተሞከረ። ሲመሽ በፈረስ ቤት ከተማ በኩል ደጋው ላይ ዘነበ፤ ጠዋት ብር ግንዱን ሳይቀር ጠራርጎ ወስዷል። ሰባት ቀን ዳር ለዳር ተፈለገ፤ አልተገኘም። ፍትሐቱ ያለ አስከሬን ተደረገ። ከዚያ በኋላ መተንፈሻውን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት፤ ለሚጠሩኝም ተበላሽቷል አልኩ። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።

አገሩ ውሸቴን አሳመረው። «ያ ጥልቅ የያዘውን አይሰጥም፤ ጠላቂው እንኳ በስንት መከራ ተረፈ» ተባለ። እትየ ጠጅቱም አመነች። በዚያ ዓመት ፋሲካ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ቤቴ መጣች። «ስለ ልጄ ብለኽ ልትሞት ነበር» አለችና ሰጠችኝ። ከሁሉ ነገር ቅቤ! በሚቀጥለውም ፋሲካ መጣች። አሥራ ሦስት ፋሲካ አንዱንም አላጓደለችም። እኔ አንዱንም አልቀመስኩ፤ ባለቤቴ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ምክንያቱን ጠይቃኝ «ሆዴን አይስማማኝም» ብያታለሁ። አራተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው፣ ለሚስቴ።

እንግዲህ ትዕግሥት «የብልሽቱ ምክንያትስ?» ያለችኝ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው።

ቅዳሜ ተነሥቼ ወደ ብር ወረድኩ። እትየ ጠጅቱ ደጃፏ ላይ ቁርበት አንጥፋ ጥጥ ትፈትላለች። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፣ ያየውን አይለቅም።

«ምነው በደኅና? ፋሲካ እኮ ገና ነው፤ ቅቤው ራቀብኽ?» ብላ ቀለደችብኝ።

«እትየ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

ነገርኳት። ስለ ጎማው፣ ስለ ቅቤው፣ ስላልተነፈስኩት ሃያ ትንፋሽ። እንዝርቷን አላቆመችም። ኩታውን መንካቴን ስናገር ግን እንዝርቱ ወደቀ።

«አግኝተኸው ነበር?»

«አግኝቼው ነበር። ለቀቅኩት።»

የወደቀውን እንዝርት አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «አሥራ ሦስት ዓመት! አሥራ ሦስት ዓመት ደጅኽ እየመጣሁ! ምነው ያን ጊዜ ብትነግረኝ? እገድልኻለሁ ብለኽ ነው? ቅቤዬን እየበላኽ?»

«አልበላሁትም፣ እትየ። አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩትም።»

«ይሄስ ደሞ ምን የሚሉት ነው! ቅቤው ምን አደረገኽ?» አለች በእንባዋ መካከል፤ ተቆጥታ።

ተነሥቼ ልሂድ ስል በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ «ቁጭ በል» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ምኑን ነካኸው?»

«ትከሻውን።»

«ኩታውን ለብሶት ነበር?»

«ለብሶት ነበር። ጥለቱ በጣቴ ሥር ነበር።»

«እኔ ነኝ የፈተልኩት» አለች። ከዚያ ወደ ወንዙ በኩል ዞራ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይለይ ተናገረች። «አልታጠበ፣ አልተገነዘ፣ ውሾ ነው አሞራ ነው ያገኘው እያልሁ ነው የኖርሁ። የሰው እጅ ሳያገኘው ሄደ እያልሁ። የሰው እጅ አግኝቶት ኑሯል?»

«አግኝቶታል፣ እትየ።»

«በየትኛው እጅኽ?»

ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። በሁለት እጇ ይዛ እየገለባበጠች አየችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ስቃ እንደማትስመኝ፣ ይቅር ብዬኻለሁም እንደማትለኝ አውቄያለሁ፤ አላለችኝምም። «የመፍቻ እጅ፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል» አለች ብቻ። ወደ ቤት ገብታ ከቅሉ ቅቤ በመዳፏ ይዛ መጣች። መዳፌን፣ ከዚያ ጣቶቼን፣ ከዚያ የእጄን ጀርባ እስከ አንጓው ድረስ ቀስ እያለች ቀባችኝ። ልጅ እያጠበች ያለች ነው የምትመስለው። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ስትጨርስ እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ይዛው ቆየች፤ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ አልለቀቀችኝም።

ሰኞ ጠዋት ግምጃ ቤት ሄድኩ። ትዕግሥት ቅጹን አቀረበችልኝ፤ እኔ ራሴ ጻፍኩበት። «የብልሽት ምክንያት፦ ቅቤ በመቀባቱ። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አነበበችውና ቀና አለች። «ጋሼ፣ ቅቤ?»

«ቅቤ።»

ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ሁለት ቀን ሳላጥበው የቆየሁት እጄ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ወረቀቱን እንዳይነካ ተጠንቅቄ ፈረምኩ።